ንጹሕ ሁለት ሺህ ሰማንያ

ቼንቾ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ምላጩን አየር ላይ አቆመና ጆሮውን ወደ ግድግዳው ሽንቁር አስጠጋ። ማዶ፣ ሳሎን ውስጥ፣ የሚስቱ እናት ዶኛ ኦርቴንሲያ በስልክ ያወራሉ። የሚያወሩት ስለ እሱ ነው፤ ያውም በሬ ገበያ አውጥቶ እንደሚያሻሽጥ ደላላ። «ኬኩንማ እሱ ይችለዋል» ይላሉ። «ምን ባለ ሦስት ደርብ? ባለ ሦስት ደርብ ለጡረታ መሸኛ ነው። ባለ አምስት ይሁን! ኧረ አይከብደውም። ሁለት ሺህ ሰማንያ እኮ ነው የሚያገኘው። በየሁለት ሳምንቱ። ንጹሕ! ካሊፎርኒያ መሰለሽ እንዴ? ቴክሳስ ናት፤ ማን ይነካበታል?» ቼንቾ ጉንጩን ላጨ። ከላይኛው ከንፈሩ ሲደርስ የፎቶ አንሺውም ወጪ የእሱ ሆነ። አገጩ ላይ ሲደርስ ፈረስ ተጨመረ። «የሚደንሰው ነዋ!» አሉ ዶኛ ኦርቴንሲያ፤ «ሙዚቃ ሲሰማ በሁለት እግሩ የሚቆመው። ነጩ አለ? እንግዲያስ ነጩን ያዥልኝ።» ምላጩ አገጩን ቆረጠው። የልደት ድግሱን ባንድ ወጪ በገዛ አፉ ተቀብሏል፣ ይሁን። የፈረስ ባለዕዳ መሆኑን ግን ገና አሁን፣ ያውም በሽንቁር መስማቱ ነው።

ሽንቁሩ የሰው ጭንቅላት ያሾልካል። ቼንቾ ከካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ጓዙን ጠቅልሎ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶንዮ፣ አማቱ ቤት የኋላ ክፍል ከገባ ወዲህ ልድፈነው ያላለበት ቀን የለም። ለእጁ ቀላል ሥራ ነው፤ አንድ ከሰዓት ቢሰጡት ይበቃዋል። ዶኛ ኦርቴንሲያ ግን «ግንቦት ሳያልፍ ይህን ቤት የሚያሳምር ሰው ደመኛዬ ነው» ብለው ቆርጠዋል። ግዛቲቱ ቴክሳስ ከሰው ደሞዝ ግብር ስለማትወስድ ከሰው ቤት ትወስዳለች፤ በየዓመቱ የግብር ገማቾች ቤቱ ይህን ያህል ያወጣል የሚል ደብዳቤ ይልካሉ፤ ዶኛ ኦርቴንሲያ ደግሞ በየዓመቱ ጥቁር ለብሰው፣ የሽንቁሩን፣ የተሰነጠቀውን በረንዳና የዘመመውን አጥር ፎቶ ይዘው «እናንተ ይህን ቤት ትሉታላችሁ?» ሊሉ ይሄዳሉ። ሽንቁሩ ብቻውን በዓመት ከሁለት መቶ ዶላር በላይ ያተርፍላቸዋል። በሰፈሩም ዝነኛ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤት የራሷ ግድግዳ ደህና ቢሆንባት መጥታ ይህንኑ ሽንቁር ፎቶ አንስታ ሄደች፤ ቅናሹም ተፈቀደላት አሉ።

ወጥ ቤት ሲገባ ሦስት እንቁላል ተጠብሶ ጠበቀው። በዚህ ቤት ክብር የሚለካው በእንቁላል ነው። የመጣ ሰሞን፣ ሥራ ፈላጊ ሳለ፣ አንድ ነበር፤ ያውም አንዳንድ ቀን አስኳሉ የፈረሰ። ሥራ ያገኘ ዕለት ሁለት ሆነ። ዛሬ የመጀመሪያ ደሞዙ የሚገባበት ዓርብ ስለሆነ ሦስት፣ ከባቄላው ጋር፣ ቶርቲያ የሚሉት ስስ ቂጣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዳይበርድበት። ሚስቱ ኔሬይዳ ከፊት ለፊቱ ቆማ የሁለቱን ልጆች የምሳ ዕቃ ትዘጋለች። እንቁላሎቹን አየቻቸው፤ አገጩ ላይ የለጠፋትን የሶፍት ቁራጭ አየች። ከፍሬዝኖ ሲመጡ፣ በረሃው መሐል፣ መኪናው ውስጥ አንድ ነገር ብላው ነበር፦ «እጅህ ሳይገባ አታውራ።» እሱ ግን ሥራ ባገኘ በመጀመሪያው እሑድ፣ ማዕድ ላይ አወራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔሬይዳ ታላቅ ወንድም ፊደንሲዮ ማይቴ የምትባል ልጅ አለችው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ይሞላታል፤ በእነሱ ዘንድ ይህ እንደ ሠርግ ይደገሳል። ለዚህ ድግስ ደግሞ አባት ብቻውን አይቆምም። ልጅቷ አንድ የክርስትና አባት ይበቃታል፤ ድግሱ ግን ለእያንዳንዱ ዕቃ ፓድሪኖ፣ ማለትም ወጪውን የሚችል የራሱን የክርስትና አባት ይፈልጋል። ለዘውዱ ፓድሪኖ ተገኘ፣ ለጫማው ተገኘ፣ ለሻማው እንኳ ሁለት ተሻምተውበት ተጣሉ። ባንዱ ጋ ሲደርስ ማዕዱ ዝም አለ። ባንድ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዶላር ነው። ሁሉም ሰሃኑን ሲያይ ቼንቾ ሰማ፤ ያ ዝምታ የተቀመጠው ለእሱ ነው፤ ዘቢብ ከሚደርቅባት ከተማ ስለመጣ «የፍሬዝኖው ዘቢብ» እያሉ ለሚያሙት ለእሱ። ተነሣና «ባንዱን እኔ» አለ። ዶኛ ኦርቴንሲያ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ደሞዝህ ስንት ነው?» አሉት። በሰዓት ሃያ ስድስት ዶላር ነው፤ በልቡ አባዛው፤ «ሁለት ሺህ ሰማንያ» አላቸው። «እጅህ የሚገባው?» ሲሉት «እጄ የሚገባው» አለ፤ ፊደንሲዮም ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ «ቴክሳስ ነው እኮ! አንዲት ሳንቲም አይነኩበትም!» ሲል መሰከረለት። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የባንዱ አለቃ ዶን ፖንሲያኖ ገንዘቡን ሊቀበሉ ይመጣሉ። ካልተከፈላቸው ቀኑን ለሌላ ድግስ ይሰጡታል፤ ቼንቾም እንደገና ዘቢብ ይሆናል፤ ያውም የዋሸ ዘቢብ።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሚሠራበት የሸቀጣ ሸቀጥ መጋዘን፣ በበረዶ ክፍሉ ውስጥ አይስክሬም ካርቶኖች መሐል ቆሞ ሳለ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ ከፈተው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና። ስክሪኑ ላይ ጤዛ ይሆናል ብሎ በእጅጌው ጠረገው። ሲጠረግ ይበልጥ ጠርቶ ታየ፦ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና። ቼንቾ ፍሬዝኖ እያለ ከደሞዝ ወረቀቱ ላይ የሚያያቸው ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ነበር፤ ከላይ አንድ የሰባ፣ ከታች አንድ የከሳ። በመካከላቸው ያለውን ሁሉ የበላችው ካሊፎርኒያ ናት ብሎ ያምን ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ አንድ ላይ የሚራገሙት እሷን ነዋ። ካሊፎርኒያን ጥሎ ከሄደ የከሳው ቁጥር በራሱ ይሰባል። ቴክሳስ ምንም አትወስድም፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ከታች ይወርዳል። ሒሳቡ እንዲህ ጥርት ያለ ነበር። አሁን በረዶው መሐል ቆሞ የታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካሊፎርኒያ በረሃውን አቋርጣ ተከትላው መጥታለች።

ወጣና ወደ ኔሬይዳ ደወለ። የልጆች ጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ ስልክ ታነሣለች።

«የልጆች ጥርስ ሕክምና፤ ምን ልርዳዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ገባ?»

«ገባ።»

«ስንት?»

ቼንቾ ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ የአንድ ሕፃን ጩኸትና የመሰርሰሪያ ድምፅ ይሰማል። ኔሬይዳ ዝምታውን እንደ ደሞዝ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ምሳ በላህ?» አለችው።

«አልበላሁም።»

«ብላ እንጂ» ብላ ዘጋችው።

ያልበላው ፊደንሲዮ ጋ ስለደወለ ነው። ፊደንሲዮ ከመጋዘኑ አጠገብ ጎሚስታ አለው፤ ጎማ ይለጥፋል፣ አሮጌ ጎማ ይሸጣል፣ በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፤ ባርባ ዓመት ዕድሜው የደሞዝ ወረቀት በእጁ ይዞ አያውቅም። በልጅነቱ የተመዘገበበት ሃይማኖት አንድ ሲሆን ያደገበት ሃይማኖት ደግሞ ቴክሳስ ነው፤ የፒካፑ የኋላ መስታወት በባንዲራዋ ስለተሸፈነ ወደ ኋላ ሲነዳ በእምነት ነው። ቼንቾ «ከደሞዜ ቆረጡብኝ» ሲለው የጎማ መፍቻውን እንደያዘ መጣ።

«ማን ነው ቴክሳስን የሚያሰድበው?» አለ ከመኪናው ሳይወርድ።

«የደሞዝ ክፍሉ ይመስለኛል።»

«ስሙን ንገረኝ። አማቼ፣ ይህ ያንተ ጉዳይ አይደለም፤ የግዛቲቱ ክብር ነው።»

«መፍቻውን መኪናው ውስጥ ተወው ፊዴ።»

«ለምን?»

«ሴትዮዋ አሮጊት ናት።»

የደሞዝ ክፍሏ ወይዘሮ ሎሬታ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ ከረሜላ ተነፍቶ የቆመ፣ ጥፍራቸው ብርቱካንማ የተቀባ፣ ጠረጴዛቸው ላይ የካራሜላ ሳህንና ፊታቸውን ብቻ የሚነፋ ትንሽ የአየር ማራገቢያ ያላቸው ሴት ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ግባ ሳይባሉ ሲገቡ ቀና ብለው አዩአቸው፤ ስንት ዓርብ ስንት ሰው እንዲህ ሆኖ ገብቷል። «ተቀመጡ የኔ ማሮች» አሉ። ፊደንሲዮ የመጣበትን ቁጣ ረስቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እመቤቴ» አለ፣ «ይህ ሰው ከካሊፎርኒያ ነው የመጣው። ግን ለቆ ነው የመጣው። በስሕተት የካሊፎርኒያን ግብር ቆርጣችሁበታል፤ ወይም እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የቴክሳስን!»

ወይዘሮ ሎሬታ ወረቀቱን አትመው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ረጅም ነው። ቼንቾ ይህን ያህል መስመር ያለበት የራሱ ነገር አይቶ አያውቅም።

«የቴክሳስ የትኛው ነው?» አለ ፊደንሲዮ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

«ይኸው» አሉ፤ ብርቱካንማ ጥፍራቸውን በሁለት መስመሮች መካከል አሳረፉ።

«ባዶ ነው እኮ።»

«አዎን የኔ ማር። ባዶ ነው።»

ፊደንሲዮ አጎነበሰ። ባዶውን አየው፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ አባት በራ። «አየህ? አየህ ቼንቾ? እኔ ምን አልኩህ? አንዲት ሳንቲም! እንዲህ ያለ ባዶ የት ታገኛለህ?» ስልኩን አውጥቶ ባዶውን ፎቶ አነሣው። ብርሃኑ ስላላማረው ወይዘሮ ሎሬታን መብራቱን ጠጋ እንዲያደርጉለት ለመናቸው፤ አደረጉለት፤ ደግሞ አነሣው። የቴክሳስ ክብር ድኗል። እሱስ በዚህ ረክቶ አሁኑኑ ወደ ጎማው በተመለሰ ነበር።

«ታዲያ ገንዘቤን ማን ወሰደው?» አለ ቼንቾ።

«ዋሽንግተን ወሰደች፤ የፌዴራል ግብር ነው። ጡረታህ ወሰደ። ሲያረጁ የሚታከሙበት አለ፣ እሱ ወሰደ። እነዚህ በየትም ግዛት ብትሄድ ይከተሉሃል፤ ካሊፎርኒያም እያለህ ይወስዱ ነበር። የቀረውን ደግሞ» አሉ ወይዘሮ ሎሬታ በርኅራኄ፣ «አንተው ራስህ ነህ የወሰድከው።»

«እኔ?»

«የመጀመሪያ ቀን ከቀረቡልህ ኢንሹራንሶች 'አልፈልግም' ያልከው የለም። የቤተሰብ ሕክምና፣ እሺ፣ ያስፈልጋል። ጥርስ፣ ዓይን። አደጋ። አደጋ ደግሞ ሁለት ጊዜ።» ቼንቾ ያን ቀን ትዝ አለው፤ የምትመዘግበው ልጅ በፍጥነት ታነባለች፤ ከኋላው ሰልፍ አለ፤ አልገባኝም ከማለት አዎን ማለት ይቀልለው ነበር። «እዚህ ላይ ደግሞ ላጤ ነኝ ብለህ ሞልተሃል፤ ስለዚህ ዋሽንግተን እንደ ላጤ ቆረጠችብህ።»

ፊደንሲዮ ከባዶው ላይ ቀና አለ። «ምን ነኝ ብለህ?»

«ላጤ የሚለው ሳጥን የመጀመሪያው ነበር» አለ ቼንቾ። «ሰልፍ ነበር።»

«እህቴን በወረቀት ፈታሃት?»

«ሰልፍ ነበር እያልኩህ!»

«ይስተካከላል፣ ይስተካከላል» አሉ ወይዘሮ ሎሬታ፤ ለሁለቱም አንዳንድ ካራሜላ ሰጧቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው የመጨረሻውን መስመር አነበቡ። «ይህኛውን ግን አልነካውም፤ ሰው ከውሻው ጋር ያለውን ፍቅር እኔ አልገባበትም።»

«ምን ውሻ?»

«የውሻ ኢንሹራንስ አለህ እኮ። ሃያ ሁለት ዶላር።»

«ውሻ የለኝም።»

ወይዘሮ ሎሬታ ከኮምፒዩተራቸው አንድ ገጽ ፈልገው አወጡ። «ስሟን ጽፈሃል። ኦርቴንሲያ። ዕድሜ ሰባ አንድ።» ቀና አሉ። «ለውሻ እንኳን ሸምግላለች። ክትባቷን ጨርሳለች? ካልጨረሰች ካሳ አይከፍሉም።»

ቼንቾ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቅጹ ላይ ሚስት የሚል አለ፣ ልጆች የሚል አለ፤ ከታች ደግሞ በቤት ውስጥ አብሮ የሚኖር ሌላ የሚል ነገር ያየ መሰለው፤ አሮጊቷን መዝለል ነውር ይሆናል ብሎ ነው የጻፋቸው። በአክብሮት ነው። ፊደንሲዮን ለማየት ፈራ። ፊደንሲዮ ካራሜላውን በአንድ ጉንጩ ይዞ ግድግዳውን ያያል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። መኪና ማቆሚያው ላይ ሲደርሱ ፒካፑን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እየሳቀ ተቀመጠ፤ ተቀምጦም «ክትባቷን!» እያለ መሬት መታ።

«ለእናትህ ትነግራቸዋለህ?» አለ ቼንቾ።

«ልንገራቸውና ማናችንን እንዲገድሉ ነው?» ፊደንሲዮ ዓይኑን በጎማ ቅባት በቆሸሸ እጁ ጠረገ። «ስማ። እኔ ስለ ውሻው አላወራም። አንተም 'አይነኩብህም ያለኝ ፊደንሲዮ ነው' አትልም። እጅ።» ተጨባበጡ። ቼንቾ ተመልሶ ገባና ወይዘሮ ሎሬታ ቅጹን አስተካከሉለት፤ ባለትዳር አደረጉት፤ አንደኛውን አደጋ ሰረዙለት፤ ውሻዋንም ሰረዙ። ከሚቀጥለው ጀምሮ እጁ የሚገባው አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ያህል እንደሚሆን በእርሳስ ጽፈው ሰጡት። የሰውን ደሞዝ ሲያሳድጉለት ፊታቸው ላይ አንዳች ደስታ ይታያል፤ ባይሰጡትም እንኳ ብዙ እንዳይወሰድበት ያደረጉ ናቸውና።

ወደ ቤት ሲነዳ ንግግሩን ተለማመደ። አውራ ጎዳናው ላይ ሙቀቱ ይወዛወዛል፤ የመኪናው ማቀዝቀዣ የሚሠራው ወደ ግራ ሲታጠፍ ብቻ ነው። «እማማ፣ አንድ ስሕተት ተፈጥሯል» አለ ለመሪው። አላማረውም። «እማማ፣ ዋሽንግተን...» አለ። ይህ የተሻለ ነው፤ ዋሽንግተን ሩቅ ናት፤ መጥታ አትከራከርም። ግን ገንዘቡ የት ነው ሲባል ዋሽንግተን መልስ አይሆንም፤ ዶን ፖንሲያኖ ገንዘባቸውን የሚቀበሉት ከዋሽንግተን አይደለም። ያለውን ሁሉ አራግፎ ቢሰጥ እንኳ ሁለት መቶ አሥር ይጎድላል፤ ልጆቹም ሁለት ሳምንት ባኮርዲዮን ድምፅ አይጠግቡም።

ወጥ ቤት በኋለኛው በር ገባ። ኔሬይዳ ቃሪያ ትከትፋለች። ቢላዋውን ሳታቆም «በል» አለችው። ነገራት፤ ዋሽንግተንን፣ ላጤነቱን፣ የሚቀጥለውን አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ። ስለ ውሻዋ ሲነግራት ቢላዋው ቆመ። ፊቷን ወደ ማጠቢያው አዙራ ለረጅም ጊዜ ቆየች፤ ጀርባዋን ብቻ ነበር የሚያየው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ቃሪያው ነው» አለች። ከዚያ ሳልሳውን አስያዘችውና ወደ ማዕዱ ገፋችው።

ሁሉም አሉ። ዶኛ ኦርቴንሲያ ከራስጌ። ፊደንሲዮ። ማይቴ፣ ዓይኗ ስልኳ ላይ። ዶን ፖንሲያኖም ነጭ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ አኮርዲዮናቸውን ደግሞ አጠገባቸው ባለ ወንበር ላይ እንደ ቤተ ዘመድ አስቀምጠዋል። አፍ ሳይከፈት ፊደንሲዮ ስልኩን አወጣና ባዶውን አዞረ። «እዩት፣ ቴክሳስ ከደሞዙ የወሰደችው!» አለ። ዶኛ ኦርቴንሲያ መነጽራቸውን አደረጉ፤ አዩ፤ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ዶን ፖንሲያኖም አዩት።

«ያማረ ባዶ ነው» አሉ። «ገንዘቤስ?»

ቼንቾ ቆመ። የተለማመደው ሁሉ አንደኛው መታጠፊያ ላይ ቀርቷል። «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ነው የገባው» አለ። «ሁለት ሺህ ሰማንያ ከላይ ነው። ከታች እሱ አይደለም። እኔ ከላይ ያለውን ነው የነገርኳችሁ።»

የመስኮቱ ማቀዝቀዣ ሞተሩን የሚያጠፋው ያን ጊዜ ሆነ።

«እጅህ የሚገባው ነው ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር» አሉ ዶኛ ኦርቴንሲያ በዝግታ።

«ጠይቀውኛል።»

«ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ተናግሬአለሁ። ነጭ ፈረስ አስይዣለሁ።»

«ሰምቻለሁ እማማ።»

«ሰባት መቶ ዘጠናውን ማን በላው? አንድ በአንድ ጥራልኝ።»

ቼንቾ ቆጠረ። ዋሽንግተን፣ ጡረታ፣ የሽምግልና ሕክምና፣ የልጆቹ፣ ጥርስ፣ ዓይን፣ አደጋ። ከዚያ ምላሱ መሮጥ ለምዶ ሳይቆም ቀረና «ለእርስዎም ደግሞ ሃያ ሁለት ዶላር» አለ። ፊደንሲዮ ውሃው ትን አለው።

«ለእኔ?» አሉ ዶኛ ኦርቴንሲያ። «ለእኔ ምን?»

«ኢንሹራንስ» አለ ቼንቾ፤ ድምፁ ወደ መሬት ወረደ።

አሮጊቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ሰባ አንድ ዓመት ኖረው፣ ሁለት ልጅ ወልደው፣ አንድ ባል ቀብረው፣ ሳይነገራቸው ለእሳቸው ኢንሹራንስ የገባ ሰው አልነበረም። ወንድ ልጃቸውን አዩት፤ ፊደንሲዮ በሶፍት አፉን ሸፍኖ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያለቅስ መሰላቸው። «አየህ?» አሉት፤ «አንተ አስበኸው ታውቃለህ? አልቅስ፣ ይገባሃል!» ወደ ቼንቾ ዞሩ። «ምን ምን ይሸፍናል?»

«ብዙ ነገር» አለ ቼንቾ። «ድንገት ከታመሙ። አጥንት ነገር ጉሮሮዎ ላይ ቢቀር።»

«ዛሬ ግን ሰርዞታል» አለ ፊደንሲዮ ከሶፍቱ ሥር።

«ማን አሰረዘህ? ሰኞ ሄደህ አስመልሰው!» ጠረጴዛውን በጣታቸው ቆረቆሩት። «እኔ ሳልሞት የእኔ ኢንሹራንስ አይሰረዝም። ዶን ፖንሲያኖ፣ ስሙ። ይህ ሰው በእኔ ምክንያት ነው የጎደለበት። ባንዱ ይከፋፈል።»

«ባንድ እንደ ሥጋ በኪሎ አይሸጥም» አሉ ዶን ፖንሲያኖ። ከዚያ ጢማቸውን እየዳበሱ በኪሎ ሸጡት። አኮርዲዮን ስድስት መቶ፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸውና። ባለ አሥራ ሁለት ክሩ ጊታር አራት መቶ። ቤዝ ሦስት መቶ። ድራሙ ሁለት መቶ፤ ድራም መቺው የወንድማቸው ልጅ ሆኖ ብዙ ስለሚበላ ቅናሽ አለው። ቼንቾ አኮርዲዮኑን ወሰደ። ዶኛ ኦርቴንሲያ ከግድግዳው ሽንቁር ያተረፉትን ሁለት መቶ ለድራሙ ሰጡ። ፊደንሲዮ ጊታሩን ተቀበለና ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ቤዙ ማዕዱ መሐል ያለ ወላጅ ቀረ።

«ለነገሩ» አለ ቼንቾ ቶርቲያውን እያጠፈ፣ «ቴክሳስ ውስጥ ምንም አይነኩብህም ብሎ መጀመሪያ የነገረኝ ሰው...»

«ቤዙንም እኔ!» አለ ፊደንሲዮ።

ማይቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኳ ቀና አለች። «አያቴ፣ ፈረሱ ግን ይቅር። ፈረስ እፈራለሁ። ሲደንስ ደግሞ ይበልጥ ነው የምፈራው።» ፈረሱ ቀረ። ኬኩም ወደ ሦስት ደርብ ወረደ፤ ዶኛ ኦርቴንሲያ በስልክ ሲያወርዱት የሞት መርዶ የሚያረዱ ይመስሉ ነበር። ዶን ፖንሲያኖ ስድስት መቶውን ቆጥረው ከኪሳቸው ከተቱ፤ ተነሥተው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና የሰባ ዓመት አንገታቸውን ለቼንቾ ደፉ። «የእኔ ፓድሪኖ አንተ ነህ እንግዲህ» አሉት፤ «ባርከኝና ልጅህን እራት አብላኝ።» ቼንቾ ምን ይሁን፣ ባረካቸው። ሁሉም ሳቀ፤ ባቄላው ተዞረ፤ አኮርዲዮኑ ከወንበሩ ተነሥቶ መሬት ወረደና ቼንቾ ተቀመጠ።

ሰሃኖቹ ግማሽ ሲደርሱ ዶኛ ኦርቴንሲያ አፋቸውን ጠረጉ። የልደቱ ወጪ ገና አላለቀም፤ ፎቶ አንሺው አለ፤ ለወንበሮቹ የሚከራይ ጨርቅ አለ። ድምፃቸው እንደ ማር ለሰለሰ።

«ቼንቾ ልጄ» አሉ። ልጄ ብለውት አያውቁም። «የሚቀጥለውስ ስንት ይገባልሃል? በግምት።»

ማንካዎች ቆሙ። ፊደንሲዮ ቀና አለ፤ ዶን ፖንሲያኖም ስለ ራሳቸው ጉዳይ እንጂ ስለ ሌላ የማያስቡ እየመሰሉ ጆሯቸውን አቀኑ። ቼንቾ ኪሱ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈችው አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ጭኑን ስታሞቀው ተሰማው። ሳልሳውን አየ። ማቀዝቀዣውን አየ።

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይሆናል እማማ» አለ። «በግምት።»

ዶኛ ኦርቴንሲያ ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። ማዕዱ ላይ እስካሁን አንዲት ቃል ሳትናገር የቆየችው ኔሬይዳ ቶርቲያዋን ቀድዳ ባቄላው ውስጥ ነከረች፤ ጎረሠች፤ አኘከች፤ ዋጠች።

«የደህንነት ቦት ጫማውን ረሳኸው እንዴ?» አለችው ባሏን። «መቶ ደግሞ ለእሱ ይቆርጡበታል፣ እማዬ።»